የማን ሰዓት ነበር?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ታይዋናዊ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። የሠራተኛ የደንብ ልብስ ለበሰ። ከዚያም በሚኖርበት ክፍል ግድግዳ ላይ በሰቀለው ሰዓት ካርዱን መታ። በፋብሪካ በር ላይ የሚሰቀለውን፣ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ የሚያትመውን ሰዓት ማለቴ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ተመልሶ መታ። ሌላ አንድ ሰዓት ሲሞላ እንደገና። ቀንም ሌሊትም፣ አንድ ዓመት ሙሉ።

ሰውየው ቴቺንግ ሺዬ የሚባል አርቲስት ነው። የጥበብ ሥራው ይኸው ነው። ካርዱን በመታ ቁጥር ካሜራ አንድ ፍሬም ያነሳዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ፍሬሞቹ ተቀጣጥለው ስድስት ደቂቃ ያህል የሚሆን ፊልም ወጣቸው። ፊልሙ ላይ የሰዓቱ ዘንግ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። የተላጨው ፀጉር እያደገ እያደገ ትከሻ ይደርሳል። ፊቱ ይደክማል። ዓመት እንዲህ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም ነበር።

በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓት አለ። ሺዬ 133ቱ አምልጠውታል። አብዛኛውን የወሰደበት እንቅልፍ ነው። አንዳንዱን አርፍዶ፣ ጥቂቱን ደግሞ ቀድሞ መትቶታል። ይህንን ሁሉ ራሱ መዝግቦ ከሥራው ጋር አስቀምጦታል። እስቲ አስቡት፤ ካመለጡት ሰዓታት በቀር ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት የሞላ እንቅልፍ አልተኛም። ወዳጅ ቤት ሄዶ አላመሸም። ገበያ ወጥቶ ቶሎ መመለስ አለበት። ማንም ሳያዘው የሰዓት ባሪያ ሆነ።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት መጣለት? ሺዬ አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1974 በመርከብ ሠራተኝነት ነው። ፊላዴልፊያ ላይ ከመርከቡ ወርዶ ጠፋ። ለብዙ ዓመታት ያለ መኖሪያ ፈቃድ ኖረ። ሳህን አጥቧል፣ ምግብ ቤት አጽድቷል። አረብ አገር እህት ወይም የአክስት ልጅ ያለችው ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት የሥነ ጥበብ ትምህርት አያስፈልገውም። በሰው አገር ያለ ሰው ጊዜው በሌላ ሰው እጅ ነው። እዚህ ባሕር ዳርም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በፈረቃ የሠሩ እናቶችና አባቶች ሞልተዋል። የሌሊት ፈረቃ ምን እንደሆነ እነሱን መጠየቅ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሥራ ፐርፎርማንስ ይሉታል። ዕቃና ቦታ ሲገባበት ደግሞ ኢንስታሌሽን። ሲሠራ አለ፣ ሲያበቃ የለም። እኛ አገር ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል፤ አልፈርድም። የዘጌን ገዳማት እያየን ነው ያደግነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ መቅደሱን የከበበውን ሥዕል ያየ ሰው፣ ጥበብ ማለት የሚቆይ ነገር ነው ቢል ምን ይደንቃል? ሠዓሊው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ሥዕሉ ዛሬም ያያችኋል።

እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የሚጠፋ ሥራ ከጠፋ በኋላ፣ የማን ሰዓት እንደነበር የሚያውቅ አለ ወይ? ሺዬ ካርዶቹን አስቀምጧል። ሙዚየም ውስጥም ተደርድረው ታይተዋል። ታና ዳር በየቀኑ የሚያልቀው የሰው ሰዓት ግን ካርድ የለውም።

ታንኳ ሲታሰር ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ዳር ተወልደው ያላዩ ብዙ ናቸው። ታንኳ ሲያልፍ አይተናል፣ ፎቶ አንስተናል። ሲታሰር ማየት ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ አንሰጥም።

ታንኳ የሚታሰረው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ በማጭድ ከሥሩ ይታጨዳል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የደንገል አገዳ ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጠርዝ አለው። ያልለመደ እጅ ይቆርጣል። ውስጡ ነጭና ቀላል ነው፣ አየር የሞላው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ያ ነው። የሚያበሰብሰውም ያው ነው፤ ውሃ ቀስ እያለ ይገባበታል።

እኔ ያየኋቸው አዛውንት ነዶውን በጉልበታቸው ተጭነው ነው የሚያስሩት። ገመዱ ከዚያው ከደንገሉ የተገመደ ነው። አንዱን ጫፍ በእግር ጣታቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን በሁለት እጅ ይስባሉ። ሲጠብቅ ደንገሉ ሲጥ ይላል። ድምፁን ያዳምጣሉ። ሲጥ ካላለ ይፈቱትና እንደገና ያስራሉ። ወሬ እያወራን እንኳ ጆሯቸው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ ጨዋታ ላይ ደርሰን ድንገት ዝም አሉና የታሰረውን ፈቱት። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ምን ያህል ያገለግላል?" አልኳቸው።

"እንደ ያዡ ነዋ!" አሉኝ። "በየማታው አውጥተሽ ካቆምሽው፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ካደረ፣ ጥቂት ወር ያስኬድሻል። ውሃ ላይ ካሳደርሽው ምን ዕድሜ አለው?"

"ሲያልቅስ?"

"ሲያልቅ ሌላ ነው። ምን ይደረጋል? አሣው አይጠብቅ።"

በታና ዙሪያ በታንኳ ሥራ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸው ከሐይቁ ነው። አሣ ያጠምዳሉ፣ ደንገል ያስራሉ። ብዙ ዘመን ተገልለው የኖሩም እነሱው ናቸው። አብሯቸው ማዕድ የማይቀርብ፣ ልጁን የማይድርላቸው ጎረቤት ከቧቸው ኖረዋል። ይህን ሳያነሱ ስለ ታንኳ ውበት ማውራት ነውር ነው። ከተማችን ታንኳን በፖስተር ላይ ትለጥፋለች፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ ትሥላለች። ያሰረውን እጅ ግን አትሥልም።

የታና ደንገል እኮ ስሙ ዓለምን የዞረ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የሄደው ከዚሁ ከታና ነው። ጀልባዋን ያሰሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ለማቋረጥ ጥቂት ሲቀራት ተፈታታች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተሠራች፤ የዚህችኛዋ አሳሪዎች ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ናቸው። በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የመርከበኞቹ ስም በየመጽሐፉ አለ። ደንገሉን ከታና ዳር ቆመው ያጨዱት ሰዎች ስም ግን እዚህ ከተማ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። የእነሱም ሰዓት በዚያ ጉዞ ውስጥ ነበረበት።

አዛውንቱ "በየማታው አውጥተሽ ካቆምሽው" ሲሉኝ ትዝ ያለችኝ ሚርል ላደርማን ዩክለስ ናት። አሜሪካዊት አርቲስት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ማኒፌስቶ ጻፈች። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ዓለም የሚያጨበጭበው አዲስ ነገር ለሚፈጥር ነው፤ የተፈጠረውን እያጠበ፣ እየጠረገ፣ እየመገበ የሚያቆየውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ይህን የማቆየት ሥራ ጥበብ ብዬዋለሁ አለች። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ምጣዱ ዛሬ ይጣዳል፣ ይነሣል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያው ነው። የተጋገረውን ሰብስቦ "የዕድሜ ልክ ሥራዬ" ብሎ የሚያሳይ የለም፤ ተበልቷላ!

ዩክለስ በ1973 ሃርትፎርድ ከተማ በሚገኘው ዋድስዎርዝ አቴኒየም ሙዚየም ደረጃውን በውሃ አጠበች። ውስጥ ገብታም ተንበርክካ ወለሉን ወለወለች። ጎብኚ በላዩ ይረግጣል፣ እሷ ትደግማለች። በኋላ ደግሞ የኒው ዮርክ ጽዳት መሥሪያ ቤት ነዋሪ አርቲስት ሆነች፤ ያለ ደመወዝ። ከ1979 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ከተማዋን እየዞረች 8,500 የጽዳት ሠራተኞችን አንድ በአንድ ጨበጠች። ለእያንዳንዳቸው ከተማዋን በሕይወት ስላቆያችሁ አመሰግናለሁ ትላቸው ነበር። ቆሻሻ የነካ እጅ አልጨብጥም የሚል ሰው በሞላበት ከተማ ነው ይህን ያደረገችው።

ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ትልቅ ትርኢት የለውም። እጅ መጨበጥ ብቻ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ወራት ይፈጃል።

ባሕር ዳር ጽዱ ናት ተብላ ትመሰገናለች። የዘንባባው ጎዳና ያምራል ይባላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው ያ ውበት እንዴት እንደሚሠራ ያያል። ነጠላቸውን በአፍና በአፍንጫቸው ላይ የጠመጠሙ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት። በጃካራንዳ ወቅት የጠረጉት መንገድ ላይ አበባው ሲረግፍባቸው አይቻለሁ። ዞረው ደግመው ይጠርጋሉ። ፀሐይ ስትወጣ እነሱ የሉም። እኛ ደግሞ ወጥተን "እንዴት ታምራለች!" እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ጠራጊዋን አርቲስት ናት እያልኩ አይደለም። እንደዚያ ማለት ቀላል ነው፤ ለሷ ምንም አይጨምርላትም። ሺዬ የራሱን ዓመት ራሱ መርጦ ሰጠ። ጠራጊዋ የምትሰጠው ሰዓት የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። ልዩነቱን ማደብዘዝ አልፈልግም። ከነዩክለስ የምወስደው ትምህርት ስለ እኔ ዓይን ነው። አንድ ሰው ሲጠርግ ቆሞ ለማየት ምን ያህል ደቂቃ እሰጣለሁ? ስሙን አውቃለሁ ወይ?

ወደ እምቦጭ ልምጣ። ስለሱ ሳስብ ይከብደኛል።

እምቦጭ ታና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ መጀመሪያ ያየው ሰው አይጠላውም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቆያል። ከዚህኛው ዳር የነቀላችሁትን ቁራጭ ነፋስ ይዞት ወደዚያኛው ዳር ይሄዳል።

የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ይህን አረም በእጁ ነቅሏል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ። አልቅት አለ፣ ቢልሃርዝያ አለ። የእምቦጭ ሥር ረዥምና ጥቁር ነው፤ ሲነቀል ጭቃውን ይዞ ይወጣል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ይህ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ሲሸከሙት ሳይ ነው። ሰዎቹ ከሐይቅ ውስጥ ውሃ እየተሸከሙ ነበር የሚወጡት። ዳር ላይ ይከምሩታል። ሲደርቅ ያ ሁሉ ክምር ከስሞ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ከዚያ ይቃጠላል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል።

ቤልጂየም ተወልዶ ሜክሲኮ የሚኖረው አርቲስት ፍራንሲስ አሊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ፔሩ ውስጥ፣ ከሊማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የአሸዋ ኮረብታ ሊያንቀሳቅስ ተነሣ። 500 በጎ ፈቃደኞች አካፋ ይዘው ተሰለፉ። ከአንዱ ግርጌ ተነሥተው በኮረብታው ላይ እየዛቁ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ቀኑ ሲያልቅ ኮረብታው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተንቀሳቀሰ ተባለ። ነፋስ ደግሞ በማግሥቱ የፈለገውን ያደርገዋል። ከዚያ በፊት በ1997 ይኸው ሰው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ትልቅ የበረዶ ድንጋይ እየገፋ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በእግሩ ሄዷል። በረዶው ቀልጦ እርጥብ አስፋልት ብቻ እስኪቀር ድረስ።

የኮረብታውን ሥራ ቪዲዮ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። የሰዎቹ ሳቅ፣ አቧራው፣ ላባቸው። ሰው ሰልፍ ገብቶ አንድ ላይ ሲሠራ ደስ ይላል፤ ደቦ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የፎገራ ገበሬዎችን ያየ ሰው ያን ቪዲዮ ሲያይ ጥያቄ ይነሣበታል። የሊማዎቹ ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኮረብታው ባይንቀሳቀስ የሚጎድልባቸው የለም። እዚህ ግን አረሙ ካልተነቀለ አሣው ይሸሻል፣ የሩዙ ማሳ ይወረራል፣ ታንኳ መሄጃ ያጣል። ከንቱ ድካም የሚለው ሐሳብ ለአርቲስቱ የተመረጠ ርዕስ ነው። ለገበሬው ሥጋት ነው።

ታዲያ ይህ ዓይነት ጥበብ እኛ ጋ ምን ይሠራል? ይሠራል ባይ ነኝ። ግን ሁለት ነገር ካላሟላ እኔ በበኩሌ አላጨበጭብለትም። አንደኛው፣ አርቲስቱ በራሱ አካል መክፈል አለበት። ሺዬ እንቅልፉን ከፈለ። ዩክለስ ጉልበቷን። አሊስ በረዶውን ሰው ቀጥሮ አላስገፋም። ሁለተኛው፣ ሌላ ሰው ከሠራ ሰዓቱና ስሙ ይመዝገብ፣ ዋጋውም ይከፈል።

ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን ሙዚየም 100 ሚሊዮን የሱፍ ፍሬ አፍስሶ ነበር። ፍሬዎቹ ከሸክላ የተሠሩ፣ አንድ በአንድ በእጅ የተቀቡ ናቸው። የቀቡት ጂንግዴዠን በተባለችው የቻይና ከተማ የሚኖሩ 1,600 ያህል ሠራተኞች ናቸው። ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ከአርቲስቱ ስም ሌላ የስንቱን ስም እናውቃለን? ጎብኚዎች መጀመሪያ በላዩ ላይ ይራመዱ ነበር። በኋላ የሸክላው ብናኝ ለጤና ያሰጋል ተብሎ ተከለከለ። እኔ ያን ስሰማ ያሰብኩት ብናኙን መጀመሪያ ማን ተነፈሰው የሚለውን ነው።

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። አንድ ሠዓሊ ወዳጄ ታና ዳር ላይ ሥራ ሊሠራ አስቧል። በአደባባይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ታንኳ ይታሰራል። ሰው ተቀምጦ ያያል። ከዚያ ታንኳው እዚያው ዳር ላይ ቆሞ እስኪበሰብስ ይተዋል። መጀመሪያ የጠየቅኩት ማን ነው የሚያስረው ብዬ ነው። "አዛውንቱ ያስራሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ" አለኝ። ያንንማ ቱሪስቱም ያደርገዋል አልኩት። በሞተር ጀልባ ወደ ገዳማቱ ሲያልፉ ያነሷቸዋል፣ ይሄዳሉ። ተከራከርን። ተኮራርፈንም ነበር ለጥቂት ቀናት።

ቆይቶ ራሱ መማር ጀመረ። እጁ ተቆራርጧል። እስካሁን ያሰረው ነዶ ውሃ ላይ ሲወርድ ይላላል። አዛውንቱ ይስቁበታል፣ ይፈቱታል፣ ድጋሚ እሰር ይሉታል። ሲጥ የሚለውን ድምፅ ግን መስማት ጀምሬያለሁ ይላል።

በመጨረሻ ሦስታችን ቁጭ ብለን ስለ ሥራው ተነጋገርን። አዛውንቱ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ አንዱን ነገር አልቀበልም አሉ።

"የሚሄድ ታንኳ ቆሞ ይበስብስ ትላላችሁ? ይሄማ ነውር ነው። እኔ እሠራበታለሁ። ሲበሰብስ እጠራችኋለሁ፣ ያኔ መጥታችሁ እዩት።"

ወዳጄ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ" አለ። እኔ ደግሞ ሥራው እዚያች ደቂቃ ላይ የተሻለ ሥራ ሆነ ብዬ አምናለሁ። መበስበሱ ለትርኢት የተቀመጠ መሆኑ ቀረ። ታንኳው አሣ እያመላለሰ፣ በየማታው እየወጣ እየደረቀ ያረጃል።

ሌላም ነገር አሉ። ቀኑን እሳቸው ይወስናሉ፤ ደንገሉ መድረቁን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አብሯቸው የሚያስረው ልጃቸውም እኩል ይከፈለዋል። በሐይቁ ላይ ሳይወጡ የሚቀሩበት የአሣ ገቢም ይታሰባል። ሰዓቱን የምንጽፍበት ሰሌዳ ይኖራል። መቼ እንደጀመሩ፣ መቼ ለሶላት እንደተነሡ፣ ስንት ጊዜ አስረው እንደፈቱ ሁሉ ይጻፍበታል። ከላይ የአዛውንቱ፣ የልጃቸውና የወዳጄ ስም ይሰፍራል። አዛውንቱ የአባታቸውንም ስም አስጨመሩ፤ "እሱ ነው ያስተማረኝ" ብለው።

ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ክረምቱ ሳይወጣ ደንገል አይደርቅም፣ ስለዚህ አንቸኩልም። ወዳጄ ገንዘብ እያሰባሰበ ነው፣ እኔ ሰሌዳውን አሠራለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ጠዋት ማልዳችሁ ኑ፣ መቀመጫ ይዛችሁ። ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ እጽፋለሁ። ክፍያው ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአዛውንቱና በልጃቸው እጅ ይገባል፤ በዚህ ተስማምተናል።